ቤቱን በሐምሌ እዩት

ታናሽ እህቴና ባለቤቷ ቤቱን ያዩት በታኅሣሥ ነበር። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ደላላው የግቢውን በር ሲከፍትላቸው ፀሐይዋ በረንዳው ላይ አርፋለች፤ ጽጌረዳው አብቧል፤ ሳሎኑ ገና ቀለም የተቀባ ነው። ከኋላ አጥር ውጪ ያለችው ቦይ ደርቃ የሰፈሩ ልጆች የጨርቅ ኳስ ይጫወቱባታል። እህቴ የዚያን ዕለት ማታ ስትደውልልኝ ስለ ቦይዋ የነገረችኝ፣ "ለልጆቹም መጫወቻ አለ" ብላ ነው።

ቤቱ የ11 ዓመት ቁጠባ ውጤት ነው። የሁለቱ ደመወዝ፣ ሁለት ዙር እቁብ፣ ዱባይ ያለችው ታላቃችን የላከችው ገንዘብ፣ የቀረው የባንክ ብድር። ካርታው ትክክለኛ መሆኑን አጣርተዋል። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ጠይቀዋል። ግንባታ የሚያውቅ ዘመድ አምጥተው ግድግዳውን አስፈትሸዋል። ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ይህ ግቢ በሐምሌ ምን ይመስላል?

መልሱ የመጣው በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱ የወለል ፍሳሽ ተንደቀደቀ። ቀጥሎ በኋላ በር ሥር ጭቃ ያዘለ ውሃ ገባ። ባለቤቷ መብራቱን ከቆጣሪው ሊያጠፋ ሲሮጥ፣ እሷ ሁለቱን ልጆች የምግብ ጠረጴዛው ላይ አወጣቻቸው። ውሃው ከጉልበት በታች ደርሶ ቆመ። ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ፍራሹ፣ ፍሪጁ፣ ቁም ሣጥኑና የልጆቹ የክርስትና ፎቶግራፎች ግን አልተረፉም።

በማግስቱ ጭቃውን ሲጠርጉ የጎረቤት እናት ቡና አፍልተው ይዘውላቸው መጡ። "እኛ እኮ ሐምሌ ሲገባ ምንጣፉን አንስተን፣ ፍሪጁን ብሎኬት ላይ ነው የምናቆመው" አሉ። እህቴ አላስቻላትም። "እማማ፣ ታዲያ ቤቱን ስንገዛ ምነው ቢነግሩን?" አለቻቸው። እሳቸውም፣ "ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ?" ብለው መለሱላት።

እውነታቸውን ነው። እኛ ቤት ስንገዛ ስለ ካርታው፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ርቀት እንጠይቃለን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አፈሩና ስለ ሙቀቱ ግን አንጠይቅም። ቤት ደግሞ አብዛኞቻችን በዕድሜያችን አንድ ጊዜ ብቻ የምንገዛው ነገር ነው። እናንተ ያን ጥያቄ ሳትጠይቁ ውል እንዳትፈርሙ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

የማይመስል ቦታ፣ የሚመስል ጊዜ

ጎርፍ የሚመጣው ሁልጊዜ ውሃ ከሚታይበት አቅጣጫ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍ የወረደው በደቻቱ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ያን ሌሊት ግን ከከተማዋ በላይ ባሉት ደጋማ ቦታዎች የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ወረደና ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ የተኙ ሰዎች ነበሩ።

አዲስ አበባም ከዚህ አታመልጥም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በአንድ ቀን በጣለ ኃይለኛ ዝናብ በከተማዋ 7 ሰዎች በጎርፍ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ደግሞ በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት አካፋ ይዘው የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ።

ታዲያ ድሮም ክረምት ነበረ፣ ዛሬ ምን ተለወጠ? ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛው ሰማዩ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ በአንድ ጊዜ ብዙ ይዘንባል፤ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ የሚያጠጣው ዝናብ በአንድ ሰዓት ዶፍ ይተካል። ሁለተኛው መሬቱ ነው። ትናንት ሣርና ማሳ የነበረው ዛሬ አስፋልት፣ ኮብልስቶንና የሲሚንቶ ግቢ ሆኗል። ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ውሃ አሁን መንገድ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ለዚህም ነው "እዚህ ሰፈር 20 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ጎርፍ አይቼ አላውቅም" የሚል ሰው እውነቱን እየተናገረ ሊያሳስታችሁ የሚችለው። እሱ የሚናገረው ከላይ ያለው ሜዳ ሕንጻ ሳይሆን ስለነበረበት ዘመን ነው።

ውሃው ከየት መጥቶ የት ይሄዳል?

የአዲስ አበባን መልክዓ ምድር አንድ ጊዜ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። በስተሰሜን እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በስተደቡብ አቃቂ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡ፣ ቀጨኔ፣ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው። ከተማዋ በዓመት በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ስለዚህ የእናንተ ሰፈር ላይ አንድ ጠብታ ሳይጥል እንጦጦ ላይ የዘነበው ሊደርስባችሁ ይችላል።

ቤቱን ልታዩ ስትሄዱ መኪናችሁን ግቢው ውስጥ አታስገቡ። መንገድ ላይ አቁሙና ቢያንስ 500 ሜትር ወደ ላይ፣ 500 ሜትር ወደ ታች በእግራችሁ ሂዱ። የሚከተሉትን ተመልከቱ።

መንገዱ ከግቢው ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ? በብዙ ሰፈሮች አስፋልቱ ወይም ኮብልስቶኑ በታደሰ ቁጥር ከፍ ስላለ፣ ቀድሞ የተሠሩት ቤቶች ከመንገድ በታች ቀርተዋል። ወደ ግቢ ለመግባት ቁልቁል የምትወርዱ ከሆነ፣ ውሃውም በዚያው ይወርዳል።

የመንገድ ዳር ቱቦው ክፍት ነው ወይስ በአፈርና በፕላስቲክ ተደፍኗል? ከላይ ሰፊ ሆኖ መጥቶ እናንተ በር ላይ ሲደርስ የሚጠብ ከሆነ፣ ትርፉ የሚፈሰው እዚያው ነው።

በአቅራቢያ ቦይ ወይም ወንዝ ካለ፣ በቁጥቋጦውና በአጥሩ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታልና ጨርቅ ፈልጉ። ያ የጎርፉ ፊርማ ነው። ፌስታሉ የተንጠለጠለበትን ከፍታ ከቤቱ ወለል ጋር አስተያዩ።

ከላይ በኩል አዲስ ግንባታ ወይም የተቆፈረ መሬት አለ? የዛሬ ዓመት ውሃ የሚልክባችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ግድግዳው ምን ይላል?

ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ሁሉንም ግን አይሸፍንም። እህቴ ቤቱን ስታየው ሳሎኑ አዲስ ቀለም መቀባቱን ወደደችው። ዛሬ ብትገዛ ግን የምትጠይቀው፣ "ለምን ከታች አንድ ሜትሩ ብቻ ሁለት እጅ ተቀባ?" የሚለውን ነው።

ወደ ቤት ስትገቡ ዝቅ በሉ። የበሮቹን የታችኛው ጠርዝ ተመልከቱ፤ እንጨቱ አብጦ ወይም ተልጦ ከሆነ ውሃ ጠጥቷል። ብረት በር ከሆነ የዝገቱን ከፍታ እዩ። የግድግዳው ታችኛው ክፍል ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ካለ፣ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው። ቁም ሣጥኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ሻጋታ በሽቶ አይጠፋም። ሶኬቶቹ ከተለመደው ከፍ ብለው ከተተከሉ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ጎረቤት ፍሪጁን ብሎኬት ላይ አቁሞ ካያችሁማ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

ከዚያ ጣሪያውን እዩ። አሸንዳው የሚያወርደው ውሃ የት ነው የሚፈሰው? ከመሠረቱ ሥር ከሆነ ችግር ነው፤ ወደ ጎረቤት ግቢ ከሆነ ደግሞ ክስ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት የመሰለ ምልክት ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል ማለት ነው። የፍሳሽ ማንሆሉን አስከፍቱ። በጎርፍ ጊዜ ቆሻሻው ውሃ ተመልሶ የሚወጣው በመጸዳጃ ቤት በኩል ነው። የእህቴም ቤት የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነበር።

ጥቁር አፈር፦ ዝም ብሎ ቤት የሚሰነጥቅ

ጎርፍ ይጮኻል፤ ጥቁር አፈር ግን ድምፅ የለውም። ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ፣ ግንበኛው ኮትቻ የሚለው ይህ አፈር በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ፣ እንዲሁም በዙሪያዋ ባሉ ሜዳማ ቦታዎች በብዛት ይገኛል። ጠባዩ አንድ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በክረምት ቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በበጋ ይለቀዋል። ዝናቡ ሲበረታና ድርቁ ሲረዝም ይህ መተንፈስ ይብሳል።

ምልክቶቹን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ እንደ ደረጃ የተሰባበረ ስንጥቅ ፈልጉ። በክረምት አልዘጋ ብሎ በበጋ የሚላላ በር ካለ ጠይቁ። የግቢው ሲሚንቶ ከቤቱ ግድግዳ ተላቆ ክፍተት ፈጥሮ ከሆነ ልብ በሉ። በበጋ ከሄዳችሁ ደግሞ አጠገብ ያለውን ባዶ መሬት እዩ፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው መሬቱ ጥቁር አፈር ነው።

ይህ ማለት በጥቁር አፈር ላይ ያለ ቤት ሁሉ አይገዛም ማለት አይደለም። መፍትሔው ከሥር ነው የሚሠራው። ጥሩ ግንበኛ ጥቁሩን አፈር አስወግዶ ሰለክት ማቴሪያል ይሞላል፣ ወይም መሠረቱን ጠንካራ አፈር እስኪያገኝ ድረስ ያወርዳል፣ የጣሪያውን ውሃም ከቤቱ ያርቃል። ስለዚህ ጥያቄያችሁ፣ "መሠረቱ ስንት ሜትር ወረደ? ምን ተሞላ? ሲሠራ የተነሳ ፎቶ አለ?" የሚል ይሁን። ብዙ ባለቤቶች ቤታቸውን ሲያሠሩ ስልካቸው ላይ ፎቶ አላቸው። ሊያሳዩ ካልፈለጉ ያም መልስ ነው።

ለዚህ ክፍል የራሳችሁን መሐንዲስ ቅጠሩ። የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን የሚያየው ለብድሩ ዋስትና ዋጋ ለመገመት ነው፤ ለእናንተ ተብሎ አይደለም። ለአንድ ቀን የምትከፍሉት ክፍያ ከደላላው ኮሚሽን ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ዕይታው የሚያምር ዳገት

ከዳገት ላይ ከተማዋን ማየት ደስ ይላል። በእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ተራራ ሥር፣ በደሴም ሆነ በሌሎች ተራራማ ከተሞች ቁልቁለት ላይ ቤት የምትገዙ ከሆነ ግን ፊታችሁን ከዕይታው አዙራችሁ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ከቤቱ በላይ ያለው አፈር በምን ተይዟል?

የመብራት ምሰሶዎችና ዛፎች ወደ አንድ አቅጣጫ አዘንብለዋል? የድጋፍ ግንቡ ሆዱን ገፍቷል? ግንቡ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ? ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ ሲከብደው ይገፋል። ከዳገቱ አናት ላይ መሬቱ ተሰንጥቋል? በበጋ ያልነበረ ምንጭ በክረምት ከግቢው ይፈልቃል? ከእነዚህ ሁለቱን ካያችሁ፣ ያለ ባለሙያ ምርመራ ውል አትፈርሙ። ጎርፍ የገባበት ቤት ይጠረጋል፤ የተናደ ዳገት ግን ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

ሙቀትና የውሃ እጥረት

የአየር ንብረት ነገር ሁሉ ዝናብ ብቻ አይደለም። በድሬዳዋ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳ ወይም በሌላ ሞቃታማ ከተማ የምትገዙ ከሆነ ቤቱን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እዩት። ወደ ምዕራብ የተገተረ ሰፊ መስታወት የከሰዓት ፀሐይን ሁሉ ይሰበስባል። ባዶ ቆርቆሮ ያለ ኮርኒስ ምድጃ ነው። አየር የሚያሳልፉ ፊት ለፊት የተያዩ መስኮቶች አሉ? በግቢው ጥላ የሚሰጥ ዛፍ አለ? ሕፃንና አረጋዊ ላለበት ቤተሰብ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይም ነው።

ሐይቅ ዳር ለሚገዙም አንድ ነገር እንንገራችሁ። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ከ60 ዓመታት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበረ፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የመስፋቱ ምክንያት በዋናነት ከከርሰ ምድርና ከመስኖ የሚመጣ ውሃ እንደሆነ ይነገራል። የሐይቅ ዳር ግን ባለበት የሚቆም መስመር አለመሆኑን ያሳየናል።

ስለ ውሃ አቅርቦትም ጠይቁ። "ውሃ አለ?" ብላችሁ ሳይሆን፣ "በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በየካቲትና በመጋቢትስ?" ብላችሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያደርስ ግፊት አለ? ሮቶው የማን ነው? ፓምፑን ማን ያሠራል?

እዚህ ላይ ግን አንድ መልካም ዜና አለ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 2,000 ሊትር ውሃ ነው። ደህና አሸንዳ ያለው ጣሪያ በአንድ ጥሩ ዝናብ አንድ ሮቶ ይሞላል። ለመጠጥ ባይሆን ለልብስ፣ ለጽዳትና ለአትክልት ይበቃል፤ ግቢውን ሊያጥለቀልቅ የነበረውም ውሃ ቀነሰ ማለት ነው።

"እኔ አምስተኛ ፎቅ ነኝ" ለምትሉ

አፓርታማ የሚገዛ ሰው ጎርፍ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። ነገር ግን ሳሎናችሁ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቢሆንም ጄኔሬተሩ፣ የውሃ ፓምፑና መኪናችሁ ቤዝመንት ውስጥ ናቸው። ቤዝመንቱ ውሃ ሲሞላ ሊፍት የለም፣ ውሃ የለም፣ መብራትም የለም። ስለዚህ ቤዝመንቱን ውረዱና እዩት። ግድግዳው ላይ የውሃ መስመር አለ? ውሃ ማውጫ ፓምፕ ተተክሏል? መግቢያው ላይ ከመንገድ የሚመጣውን ውሃ የሚያግድ ከፍታ አለ? የመጨረሻው ፎቅ ከሆነ የምትገዙት ደግሞ የጣሪያውን ሰሌዳ ፍሳሽ ጠይቁ፤ የሚያፈሰው መጀመሪያ እናንተ ላይ ነው። ገና እየተሠራ ያለ ሪል ስቴት ከሆነ፣ በማስታወቂያው ላይ ያለውን ሥዕል ትታችሁ መሬቱን ራሱን በክረምት ሄዳችሁ እዩት።

ማንን እንጠይቅ? እንዴትስ?

"ጎርፍ አለ ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ባለቤቱ፣ "ኧረ የለም" ይላል፤ ጎረቤትም የሰው ገበያ ላለማበላሸት ዝም ይላል። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ "ባለፈው ሐምሌ ያ ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን እዚህ ምን ሆነ?" ይህ ጥያቄ ታሪክ ያመጣል።

የሚጠየቁትም ብዙ ናቸው። የማዕዘኑ ባለ ሱቅ ዕቃውን ስንተኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚያነሳ ያውቃል። የእድሩ ሰብሳቢ የማን ቤት እንደፈረሰና ለማን እንደተዋጣ ያውቃሉ። የሌሊት ጥበቃው ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ያውቃል። ልጆችም ያውቃሉ፤ ልጅ ደግሞ ገበያ አይጠብቅም። ደላላውን አሰናብታችሁ፣ ብቻችሁን ተመልሳችሁ፣ ቡና ጠጡና ጠይቁ።

ወረዳና ክፍለ ከተማም ሂዱ። ይዞታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተመደበ፣ ወንዝ ዳር፣ አረንጓዴ ቦታ ወይም የመንገድ ክልል ውስጥ እንደሆነ አረጋግጡ። ወንዝ ዳር የሚገዛ ሰው ሁለት አደጋ አለበት፤ ውሃው ሊወስደው ይችላል፣ የወንዝ ዳር ልማቱም ሊያስነሳው ይችላል። ስልካችሁ ላይ ጉግል ኧርዝ ካላችሁ ደግሞ የድሮ የሳተላይት ምስሎችን መልሳችሁ እዩ። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ቦታው ምን ነበር? ረግረግ? ቦይ? የተሞላ ጉድጓድ? ከፍታውንም ከጎረቤት ሰፈሮች ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ቤት የምታስገዙ ወገኖቻችንም ልብ በሉ። ወንድም ወይም የአክስት ልጅ በጥር ቀርጾ የሚልከው ቪዲዮ የሚያሳየው ጽጌረዳውን ነው። ዝናብ እየዘነበ፣ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ኋላ አጥር ድረስ የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። ጊዜው በጋ ከሆነ ቸኩላችሁ ቀብድ አትስጡ፤ ቤቱ ከሁለት ሰፈር ሰው ምስክርነት ያግኝ።

ውሉ ላይ ይግባ

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ተደርጎ በሚመለከተው አካል ፊት መረጋገጥ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1723 ይደነግጋል። በቃል የተነገራችሁ፣ "እዚህ ውሃ ገብቶ አያውቅም" የሚል ተስፋ ነገ ለመከራከሪያ አይመችም። ስለዚህ ሻጩ ቤቱ ከዚህ በፊት በጎርፍ፣ በመሬት መንሸራተት ወይም በመሠረት መሰንጠቅ ተጎድቶ እንደሆነና እንዳልሆነ በውሉ ላይ እንዲገልጽ ጠይቁ። የሕግ ባለሙያ አንቀጹን ያስተካክልላችሁ። የሻጩ ፊት ሲለዋወጥ ካያችሁ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ብዙ ተማራችሁ ማለት ነው።

መድንም ጠይቁ። የቤት መድን ሲባል ብዙ ጊዜ መሠረቱ የእሳት አደጋ ነው፤ ጎርፍና መሬት መንሸራተት በተጨማሪነት ካልተጻፉ ላይሸፈኑ ይችላሉ። ቤቱን ሳትገዙ፣ "ይህን ቤት ለጎርፍ ትሸፍኑልኛላችሁ? በስንት?" ብላችሁ ጠይቁ። ኩባንያው ካቅማማ እሱም አንድ መረጃ ነው።

እንግዛ ወይስ እንተው?

ያገኛችሁትን ችግር ሁሉ በሦስት ክፈሉት።

የመጀመሪያው በራሳችሁ ገንዘብ የሚስተካከል ነው። የአሸንዳ ለውጥ፣ የግቢ ፍሳሽ ቦይ፣ ወለል ማንሳት፣ ፍሳሽ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ፣ የጣሪያ ሙቀት መከላከያ። እነዚህን በባለሙያ አስገምቱና ከዋጋው ላይ ይቀነስ በሉ።

ሁለተኛው ከጎረቤትና ከመንግሥት ጋር ካልሆነ የማይስተካከል ነው። የተደፈነ የመንገድ ቱቦ፣ ከላይ የሚለቀቅ ውሃ፣ የጠበበ ድልድይ። እዚህ ላይ የሰፈሩን ሰው እዩ። ተባብሮ ሰኔ ሳይገባ ቱቦ የሚጠርግ ሰፈር ከሆነ ተስፋ አለው። ቆሻሻውን ሁሉ ቦይ ውስጥ የሚጥል ሰፈር ከሆነ ሁለት ጊዜ አስቡ።

ሦስተኛው በምንም የማይስተካከል ነው። የወንዝ መሄጃ ላይ የተሠራ ቤት፣ የሚንቀሳቀስ ዳገት ሥር ያለ ቤት። ይህ በግማሽ ዋጋ ቢሰጣችሁም ርካሽ አይደለም። ቤቱ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ሻጩ ያውቃል፤ የማታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

የእህቴ ውሳኔ

ከዚያ ክረምት በኋላ የእህቴ ባለቤት ቤቱን እንሽጠው አለ። "በጥር እናሳየው፣ በጥር ደረቅ ነው" አለ። እኔ አልፈረድኩበትም፤ የ11 ዓመት ላብ ነው፣ የባንኩም ወርሃዊ ክፍያ አለ። እነሱንም የሸጠላቸው ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው።

ጥር ላይ አንድ ባልና ሚስት መጡ። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። በረንዳው ላይ ቆማ የኋላ አጥሩን ተሻግራ አየችና፣ "ለልጆች መጫወቻም አለ" አለች። እህቴ ከዚያ በላይ አልቻለችም። ወደ ሳሎን አስገብታ ሶፋውን ሳበችና ግድግዳው ላይ ያለውን መስመር አሳየቻት። ባልና ሚስቱ አመስግነው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ባለቤቷ ሁለት ቀን አኮረፈ።

በሦስተኛው ቀን መሐንዲስ ጠሩ። ችግሩ የሚበዛው ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ክፍል ሆኖ ተገኘ። የኋላ አጥሩን ሥር በድንጋይ ግንብ አጠናከሩ፣ የግቢውን ፍሳሽ አቅጣጫ ቀየሩ፣ የፍሳሽ ቫልቭ አስገቡ። በግንቦት የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው ቦይዋን ሲጠርጉ፣ አካፋ ይዞ ቀድሞ የወጣው የእህቴ ባለቤት ነው። በተከተለው ሐምሌ ውሃው መጣ፤ ግቢ ገባ፣ ቤት ግን አልገባም። ዋጋውን ሲደምሩት፣ ቤቱን ሲገዙ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ሻጩን ሊያስቀንሱት ይችሉ የነበረ ገንዘብ ነው።

አሁን የባለቤቷ ታናሽ ወንድም ቤት እየፈለገ ነው። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ፣ "ጥሩ ቤት አግኝቻለሁ፣ ሻጩ ስለቸኮለ በዚህ ሳምንት ቀብድ ልስጥ ነው" አለ። እህቴ ወጡን እየጨለፈችለት፣ "ጎረቤቶቹን አነጋገርክ?" አለችው።

"ስለ ምን?" አለ።

"ብላ፣ ከምሳ በኋላ አብረን እንሄዳለን" አለችው። ሄዱም። ቀብዱ እስከዛሬ አልተሰጠም።